የሞባይል መልእክት አካውንትን ከዘረፋ መጠበቅ፤ ለቦንጋና ለካፋ ዞን ተጠቃሚዎች የቀረበ ማብራሪያ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የካፋ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በቦንጋ፣ በገበያ ቀን ከዴቻ፣ ከጊምቦና ከአዲዮ ወረዳዎች ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ይዘው የሚገቡ አርሶ አደሮችና ነጋዴዎች ዋጋ የሚጠያየቁት እንደ ቀድሞው በአካል ተገናኝተው ብቻ አይደለም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ማስታወቂያ፣ የእድር የሐዘን ጥሪ፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ጽሑፍ፣ በዓረብ አገር ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ድምፅና ፎቶግራፍ ሁሉ በእጅ ስልክ የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያዎች አማካይነት ይመላለሳል። ከእነዚህም መካከል ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ኢሞ የተባሉት በአገራችን በስፋት የሚታወቁ ናቸው።

የእነዚህን መተግበሪያዎች ደህንነት በተመለከተ ተጠቃሚው በአብዛኛው የሚሰጋው መልእክቱ በአየር ላይ እንዳይጠለፍበት ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም ባይባልም፣ በዕለት ተዕለት ኑሮ ጉዳት የሚደርሰው ግን በሌላ በኩል ነው። አካውንቶች በብዛት የሚዘረፉት የረቀቀ የኮምፒውተር ዕውቀት ባላቸው ሰዎች ተሰብረው ሳይሆን፣ ባለቤቶቻቸው የመክፈቻውን ኮድ ሳያውቁ በገዛ እጃቸው ለሌላ ሰው በመስጠታቸው ነው። ይህ ጽሑፍም ትኩረቱን በዚሁ ኮድ ላይ በማድረግ፣ ዘረፋው እንዴት እንደሚፈጸም፣ አስቀድሞ እንዴት እንደሚከለከልና ከደረሰ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚቻል ለማብራራት ይሞክራል።

አንድ ሰው የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ አካውንት ሲከፍት በመጀመሪያ የሚጠየቀው የስልክ ቁጥሩን ነው። መታወቂያ አያሳይም፤ ፊርማ አያኖርም፤ ራሱ ካልፈለገ በቀር የይለፍ ቃል እንኳ አያወጣም። አገልግሎቱ ወደ ተሰጠው ቁጥር አንድ ኮድ ይልካል፤ ኮዱን ያስገባ ሰው የቁጥሩ ባለቤት ነው ተብሎ ይታመናል። የቴሌግራም ኮድ አምስት አሃዝ፣ የዋትስአፕ ደግሞ ስድስት አሃዝ ነው። ኮዱ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜና ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ቢሆንም፣ በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የገባው ሰው ባለቤቱ ነቅቶ እስኪያስወጣው ድረስ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ጥንታዊው የካፋ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ እስከ ወደቀበት ጊዜ ድረስ ድንበሩን በጥልቅ ቦዮችና ጠባቂ በቆመባቸው በሮች ያስጠብቅ እንደነበር፣ እንግዳ ሰውም ሳይፈቀድለት እንደማያልፍ በታሪክ ተመዝግቧል። ዛሬ በስልክ ላይ ያለው በር ጠባቂ አምስት አሃዝ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘረፋው የሚፈጸምበትን መንገድ በምሳሌ እንመልከት። በቦንጋ ከተማ የምትኖር አንዲት መምህርት ከጓደኛዋ የቴሌግራም አካውንት መልእክት ደረሳት እንበል። መልእክቱ "የእህቴ ልጅ በሥዕል ውድድር እየተሳተፈች ነው፤ እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ" የሚልና ከሥሩ ሊንክ ያለበት ነው። ሊንኩን ስትነካ ያማረ ገጽ ይከፈታል፤ የሕፃናት ፎቶግራፎች ይታያሉ። ድምፅ ለመስጠት የስልክ ቁጥር ይጠየቃል፤ ቁጥሯን ታስገባለች። ወዲያው "ወደ ቴሌግራምዎ የተላከውን ኮድ ያስገቡ" ይባላል፤ እርሷም አምስቱን አሃዝ ትጽፋለች። ገጹ "እናመሰግናለን" ብሎ ይዘጋል። መምህርቷ ድምፅ የሰጠች መስሏት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በእውነቱ ግን የሥዕል ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቁጥሯን የተቀበለው ሰው በራሱ መሣሪያ ላይ የእርሷን አካውንት ለመክፈት ጥያቄ አቅርቦ፣ ኮዱን ራሷ አቀብላዋለች። መልእክቱን የላከችው ጓደኛዋም ብትሆን ከእርሷ ቀደም ብሎ በዚሁ መንገድ አካውንቷ የተወሰደባት ናት።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ባለቤቱ ቴሌግራምን ቀድሞውኑ እየተጠቀመ ከሆነ አዲስ የመግቢያ ኮድ የሚመጣው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሳይሆን እዚያው ቴሌግራም ውስጥ፣ "ቴሌግራም" ከሚለውና ሰማያዊ የማረጋገጫ ምልክት ካለው የአገልግሎቱ አካውንት ነው። በኮዱ ሥር ደግሞ "ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ፤ ከቴሌግራም ነን ቢሉም እንኳ" የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰፍራል። ማስጠንቀቂያው ብዙውን ጊዜ የሚታየው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ግን፣ ተጠቃሚው አሃዙን ብቻ አንብቦ የቀረውን ያልፈዋል። ዘዴው በሊንክ ብቻ የሚቀርብም አይደለም። አንዳንዱ የሽልማት ዕጣ እንደወጣ፣ አንዳንዱ የተከፈለበት የቴሌግራም አገልግሎት በስጦታ እንደተላከ፣ ሌላው ደግሞ ከባንክ ወይም ከቴሌኮም ድርጅት እንደሚደውል በመናገር ኮዱን በቃል ይጠይቃል። መልኩ ይለያይ እንጂ መጨረሻው አንድ ነው፤ ስልክ ላይ የደረሰውን አሃዝ ማስነገር። ባለቤቱ ራሱ አዲስ ስልክ ላይ አካውንቱን እየከፈተ ካልሆነ በቀር፣ ይህን አሃዝ ለማንም የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

አካውንቱን የወሰደው ሰው በቅድሚያ የሚፈልገው የቆዩ መልእክቶችን ማንበብ ላይሆን ይችላል። የሚፈልገው በባለቤቱ ስም ለመናገር ነው። በካፋ ዞን እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ ችግር ሲመጣ ዘመድ ለዘመድ፣ እድርተኛ ለእድርተኛ፣ የዕቁብ ጓደኛ ለዕቁብ ጓደኛ ገንዘብ ያበድራል፤ ውል አይጻፍም፣ ስሙ ብቻ ይበቃል። "ሆስፒታል ነኝ፤ እስከ ነገ 5,000 ብር በዚህ ቁጥር ላኩልኝ" የሚል መልእክት ከሚታወቅ ሰው ሲመጣ ጥያቄ ማብዛት እንደ ነውር ይታያል። በ2013 ዓ.ም ግንቦት ወር ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ደግሞ ገንዘቡን በሰከንዶች ውስጥ ያደርሱታል። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት የእናቷን ፎቶግራፍ ከላይ አይታ የወራት ደመወዟን ብትልክ፣ የተዘረፈው የእናቲቱ ስልክ ሳይሆን የልጅቱ ላብ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከዚህ ዓይነቱ ወጥመድ ለጥቂት ያመለጠ ነው። ከአንድ የአጎቱ ልጅ አካውንት 3,000 ብር እንዲልክ የሚጠይቅ መልእክት ደርሶት፣ የባንኩን መተግበሪያ ከፍቶ ቁጥሩን እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። ያስቆመው ጥንቃቄ ሳይሆን አንድ ቃል ነው። የአጎቱ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ "ጋሼ" እያለ ነው የሚጠራው፤ መልእክቱ ግን "ወንድሜ" ይላል። ተጠራጥሮ ሲደውል ወጣቱ ስለ ገንዘቡ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ በዚያኑ ቀን ጠዋት አንድ ሊንክ ከፍቶ ኮድ ማስገባቱን ግን አስታወሰ።

ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ በዚያው መተግበሪያ መልሶ መጻፍ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሚመልሰው ሌባው ነውና። ማረጋገጫው በተለመደው የስልክ መስመር ደውሎ የሰውየውን ድምፅ መስማት ነው። በዞኑ የሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አላቸው። አብዛኞቹ የማጭበርበሪያ መልእክቶች የሚጻፉት በአማርኛ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ የሚነገረው ግን ካፊኖኖ ነው። ሁልጊዜ በካፊኖኖ የሚያወራ ዘመድ በድንገት በአማርኛ ብር ከጠየቀ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ደውሎ በቤት ቋንቋ ማናገርም ነገሩን ወዲያው ይለየዋል።

ሁለተኛው ቁልፍ

ኮዱ በስህተት ቢሰጥ እንኳ በሩ እንዳይከፈት የሚያደርግ መከላከያ በሁለቱም መተግበሪያዎች ውስጥ ይገኛል። ይህም "ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" ወይም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው ነው። በቴሌግራም "ሴቲንግስ" ከሚለው "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ወደሚለው በመግባት ይገኛል፤ ባለቤቱ ራሱ የመረጠውን የይለፍ ቃል ያስገባል። በዋትስአፕ ደግሞ "ሴቲንግስ" ቀጥሎ "አካውንት" በሚለው ሥር ሲሆን፣ የሚመረጠው ስድስት አሃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ነው። ይህ ከተደረገ በኋላ አዲስ መሣሪያ ላይ አካውንቱን ለመክፈት በስልክ የሚመጣው ኮድ ብቻውን አይበቃም።

የይለፍ ቃሉ ሲወጣ የማስታወሻ ኢሜይል እንዲመዘገብ ይጠየቃል። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል፤ በኋላ ግን ይጸጸትበታል። የይለፍ ቃሉ ቢረሳና ኢሜይል ካልተመዘገበ በቴሌግራም ለመለወጥ የሰባት ቀን መጠበቂያ አለ፤ በማንኛውም መሣሪያ ላይ ክፍት ያልሆነ አካውንት ከሆነ ደግሞ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ከመጀመር ውጭ አማራጭ ላይኖር ይችላል። የሚመረጠው ቃል የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥሩ የመጨረሻ አሃዞች ወይም የቴሌብር ምስጢር ቁጥር መሆን የለበትም። አንዱ ቁልፍ ሁለት ቤት ከከፈተ አንዱን ያገኘ ሌላውንም ያገኛል።

በቴሌግራም ላይ አንድ ጠቃሚ ሥርዓት መኖሩን ብዙዎች አያውቁም። አዲስ የገባ መሣሪያ ከእርሱ በፊት የነበሩትን መሣሪያዎች ወዲያውኑ ማስወጣት አይችልም፤ አንድ ቀን ያህል መጠበቅ አለበት። በመሆኑም ኮዱን የሰጠ ሰው ስህተቱን በዚያው ዕለት ከተረዳ የበላይነቱ በእጁ ነው። "ሴቲንግስ" ውስጥ "ዲቫይስስ" የሚለውን ከፍቶ የማያውቀውን መሣሪያ፣ ከተማና ሰዓት ይመለከታል፤ "ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ" የሚለውን ሲጫን ከያዘው ስልክ በቀር ሌላው ሁሉ ይወጣል። ከዚያም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያበጃል። ጉዳዩ "ነገ ወደ ከተማ ስወርድ ባለሙያ ያየዋል" ተብሎ የሚያድር አይደለም፤ ያ አንድ ቀን ካለፈ ዕድሉ ወደ ሌባው ይዞራል።

ስልኩ የሚገዛበትና የሚጠገንበት ቤት

በቦንጋም ሆነ እንደ ዋቻና ጪሪ ባሉ የወረዳ ከተሞች፣ እንዲሁም በሌሎች የአገሪቱ ትናንሽ ከተሞች፣ ዘመናዊ ስልክ የሚገዛ ሰው ስልኩን ብቻ ገዝቶ አይወጣም። ሻጩ ጂሜይል ይከፍትለታል፤ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ኢሞ ይጭንለታል፤ ኮዱ ሲመጣም ራሱ አይቶ ያስገባዋል። የይለፍ ቃሉን አንዳንዱ በስልኩ ካርቶን ላይ ይጽፍለታል፣ አንዳንዱም ለደንበኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል ያወጣል። ካርቶኑ ሲጠፋ ባለቤቱ የራሱን ጂሜይል አያውቀውም። ይህ በአብዛኛው በቅንነት የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አዛውንቶችና እንግሊዝኛውን ለማያውቁ ሰዎች ያለ እነዚህ ወጣቶች ስልኩ ከመደወያነት አያልፍም። ነቀፋው በእነርሱ ላይ አይደለም። ሆኖም የስልኩ ፎቶግራፎች፣ የሰዎች ስምና ቁጥር፣ አልፎ አልፎም የዋትስአፕ መልእክቶች ቅጂ የሚቀመጡት በዚያው የጂሜይል አካውንት ላይ በመሆኑ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሁሉ ስልኩን ሳይነካ ሊያያቸው ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሱቁ ከወጡ በኋላ፣ በዚያው ዕለት ማታ፣ በቤት ውስጥ ፊደል የቆጠረ ልጅ ወይም የሚያምኑት ዘመድ አጠገብ ተቀምጦ የጂሜይሉን የይለፍ ቃል መቀየር፣ በቴሌግራም "ዲቫይስስ" በዋትስአፕ ደግሞ "ሊንክድ ዲቫይስስ" የሚሉትን ከፍቶ ሌላ መሣሪያ እንዳልተያያዘ ማየት ነው። ዋትስአፕ ከዋናው ስልክ ሌላ እስከ አራት መሣሪያዎች ድረስ እንዲያያዙ ይፈቅዳል፤ ለማያያዝም ክፍት የሆነ ስልክ ይዞ አንድ ባለ ነጠብጣብ ምልክት በካሜራው ማንሳት ይበቃል፤ ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩን ለጥገና ሲሰጡም ቢቻል ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ መስጠት፣ የስክሪን ቁልፉን ለጥገናው ካስፈለገ ብቻ መንገርና ስልኩ ሲመለስ መቀየር ይገባል። የተበላሸ ስክሪን ለመለወጥ የመልእክት ሣጥኑ መከፈት አያስፈልገውም።

መተግበሪያዎችን ከስልክ ወደ ስልክ በነፃ የመላላክ ልማድም አለ። የዳታ ወጪን ስለሚቀንስ ሊወቀስ አይችልም፤ ግን በዚህ መንገድ የሚመጣው መተግበሪያ እውነተኛው ይሁን የተቀየረ ማወቅ አይቻልም። ጂቢ ዋትስአፕ በሚል ስም የሚዘዋወረው ከዋትስአፕ ባለቤቶች የወጣ አይደለም፤ ኩባንያው እንዲህ ያሉትን የሚጠቀሙ ሰዎችን አካውንት እንደሚያግድ ያስታወቀ ሲሆን፣ በውስጡ የሚጻፈው መልእክት ምስጢር ስለመጠበቁም ኃላፊነት የሚወስድ አካል የለም። እውነተኛውንም ቢሆን ማደስ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም ኢሴት የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ እንዳጋለጠው፣ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ የነበረው ቴሌግራም አደገኛ መተግበሪያን የቪዲዮ መልክ አልብሶ ለመላክ የሚያስችል ጉድለት ነበረበት፤ ጉድለቱ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በወጣው እድሳት ተስተካክሏል። ያላደሰ ሰው ግን ከነጉድለቱ ነው የሚኖረው። ቪዲዮ ለማየት "ይህን መተግበሪያ ይጫኑ" የሚል ጥያቄ ከመጣ ፋይሉን መሰረዝ ይመረጣል።

ምስጠራው ምን ይሸፍናል?

ዋትስአፕ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ የሰዎችን መልእክትና ጥሪ ሁሉ ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ ቆልፎ ያስተላልፋል፤ በመካከል ያለው ኩባንያ ይዘቱን ማንበብ አይችልም። ቴሌግራም ግን እንደዚያ አይደለም። ብዙዎች ቴሌግራም ከሁሉ የበለጠ ምስጢር ጠባቂ ነው ብለው ቢያምኑም፣ ተራው የቴሌግራም ውይይትና ማንኛውም ግሩፕ በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፤ ስልክ ቢጠፋ መልእክቱ በአዲሱ ስልክ ላይ ተመልሶ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚቆለፈው ባለቤቱ ራሱ "ሲክሬት ቻት" ብሎ የሚከፍተው የሁለት ሰዎች ውይይት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከተከፈተበት ስልክ ውጭ አይታይም። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ዓ.ም በፈረንሳይ ከተያዘ በኋላ፣ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ሕግ የጣሱ ተጠቃሚዎችን የስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ለመስጠት እንደሚችል በመስከረም 2017 ዓ.ም አስታውቋል።

በዋትስአፕም በኩል ክፍተት አለ። መልእክቱ በመንገድ ላይ የተቆለፈ ቢሆንም፣ ወደ ጉግል ድራይቭ የሚቀመጠው ቅጂ ባለቤቱ ለይቶ ካላስቆለፈው ክፍት ነው። የማስቆለፊያው አማራጭ ከ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጀምሮ በመተግበሪያው ውስጥ ይገኛል። ሱቅ ውስጥ የተከፈተ ጂሜይል ጉዳይ እዚህ ላይ እንደገና ይነሳል።

ምስጠራ መልእክቱን በመንገድ ላይ እንጂ ስልኩን አይጠብቅም። በ2006 ዓ.ም ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ አገር ሲሠሩ ለነበሩ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ በኩል ጽሑፍ የያዙ የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን የስለላ ፕሮግራም የሆኑ ፋይሎች እንደተላኩ አመልክቶ ነበር። ፕሮግራሙ የጣሊያኑ ሀኪንግ ቲም ኩባንያ ሥራ መሆኑንም ተቋሙ ገልጿል፤ በወቅቱ በዋሽንግተን የነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ መንግሥት እንዲህ ያለ ፕሮግራም አይጠቀምም ሲል አስተባብሏል። ለዚህ ጽሑፍ የሚፈለገው የዘዴው ምንነት ነው፤ በዚያም አጋጣሚ ቢሆን የተሞከረው የስካይፕን ምስጠራ መስበር ሳይሆን ተቀባዩ ፋይሉን እንዲከፍት ማድረግ ነበር። በ2011 ዓ.ም ግንቦት ወር ይፋ የሆነው በዋትስአፕ ተጠቃሚዎች ላይ የደረሰው ጥቃት ከዚህ ይለያል፤ ኤንኤስኦ በተባለው የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም 1,400 የሚደርሱ ስልኮች ዒላማ የሆኑት በጥሪ አማካይነት ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ስልኩን ማንሳት እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር። እንዲህ ያለው ጥቃት ከፍተኛ ገንዘብ የሚወጣበት በመሆኑ ለተራው ተጠቃሚ ዋነኛ ስጋት አይደለም፤ መተግበሪያን ማደስ ግን በዚህም ረገድ ይጠቅማል።

ግሩፖችና ፎቶግራፎች

በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የማያውቁት ሰው የስልክ ቁጥርዎን እንዳያይ "ፎን ነምበር" በሚለው ሥር "ኖባዲ" የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ወደማያውቁት ግሩፕ ማን ሊያስገባዎ እንደሚችልም በዚያው ቦታ ይወሰናል። ዋትስአፕ ግን በግሩፕ ውስጥ ቁጥርን አይደብቅም፤ ስለዚህ ብዙ የማይተዋወቅ ሰው ላለበት ስብስብ ቴሌግራም፣ ለቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ ዋትስአፕ የተሻለ ነው ማለት ይቻላል። ይህ የአዘጋጁ አስተያየት ነው።

ወደ ግሩፕ የተለቀቀ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም። በግንቦት 2008 ዓ.ም የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ መገናኛዎች ተለቀው በሰዓታት ውስጥ በመላ አገሪቱ በመዳረሳቸው፣ ፈተናው ገና በመጀመሪያው ቀን ተሰርዞ ተማሪዎች ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ለመፈተን መገደዳቸው ይታወሳል። የግል ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው። ላኪው ከራሱም ከተቀባዩም ስልክ ላይ ቢሰርዘው፣ "አንዴ ታይቶ የሚጠፋ" አድርጎ ቢልከውም፣ ተቀባዩ በሌላ ስልክ ካሜራ ሊያነሳው ይችላል። በዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ የምትፈራራ ወጣት ገንዘብ መክፈሏ አያስቆመውም፤ አስፈራሪው ክፍያው እንደሚገኝ ያውቃልና ይመለሳል። መልእክቱን ሳትሰርዝ፣ የላኪውን ስምና ቁጥር በስክሪንሹት ይዛ፣ ለምታምነው የቤተሰብ አባልና ለፖሊስ ማሳወቅ ይሻላታል። ወላጆችም በዚህ ጊዜ ቁጣን ማስቀደም ልጅን ወደ አስፈራሪው እንደሚገፋ ቢገነዘቡ መልካም ነው።

በሕግ በኩል በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲያስከብር፣ በፖስታ ብቻ ሳይሆን በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችንም በስም ይጠቅሳል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላን ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መድረስን፣ በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ማጭበርበርን፣ የማንነት ስርቆትንና ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ስልክም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ይኸው አዋጅ ለወንጀል ምርመራ ግንኙነትን መጥለፍ የሚፈቀደው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ መሆኑን ደንግጎ፣ ለአስቸኳይ ሁኔታ ቆይቶ ለፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ልዩ ሥርዓት አስቀምጧል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስቡ ድርጅቶችን ግዴታ የሚወስን ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አካውንት ከተወሰደ በኋላ

በቅድሚያ መደረግ ያለበት ለሰዎች ማሳወቅ ነው። አካውንቱን ለማስመለስ ሰዓታት ሊፈጁ ይችላሉ፤ ሌባው ገንዘብ የሚጠይቀው ግን በእነዚያው ሰዓታት ነው። በተለመደው ስልክ ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለቤተሰብ፣ ለእድሩ ጸሐፊ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባ "በስሜ ገንዘብ ቢጠየቅ እኔ አይደለሁም" ማለት ከሁሉ ይቀድማል። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም ሊዘነጉ አይገባም።

ዋትስአፕ ከሆነ በራስ ስልክ ላይ ቁጥሩን እንደገና ማስመዝገብ ይበቃል፤ አዲሱን ስድስት አሃዝ ባስገቡ ቅጽበት ሌባው ይወጣል። እርሱ የራሱን የሁለት ደረጃ ቁጥር አስቀድሞ አበጅቶ ከሆነ ባለቤቱ ለመግባት ሰባት ቀን መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል፤ በእነዚያ ቀናት ግን ሌባውም ቢሆን ውጭ ነው። በቴሌግራም የሚደረገው ከላይ ተገልጿል። ስልኩ ወይም ሲም ካርዱ የተሰረቀ እንደሆነ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር 994 ደውሎ መስመሩን ማዘጋት፣ መታወቂያ ይዞ ቀርቦም በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ማውጣት ይገባል። የቴሌብር ጉዳይ በ127፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ጉዳይ በ951 ይስተናገዳል። ገንዘብ ተልኮ ከሆነ የተላከበትን ሰዓት፣ ቁጥርና የማረጋገጫ መልእክት ይዞ ሳይውል ሳያድር ለባንኩና ለፖሊስ ማመልከት ገንዘቡ ወጪ ሳይደረግ የመያዝ ዕድሉን ይጨምራል።

ስለ አሮጌ ቁጥሮችም አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት የሞባይል ቁጥር ከአገልግሎት ወጥቶ ቆይቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል። ሲሙን የጣለ ሰው ቴሌግራሙን በዚያው ቁጥር በዋይፋይ እየተጠቀመ ቢቆይ፣ ቁጥሩን በሕጋዊ መንገድ የገዛው አዲስ ደንበኛ አካውንት ሲከፍት የመግቢያ ኮዱ በአጭር መልእክት ሊደርሰው ይችላል፤ የቀድሞውን ባለቤት ውይይትም ሳይፈልግ ሊያይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ከቦንጋ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱ፣ ወደ ዓረብ አገርም የሚጓዙ ወጣቶች የቀድሞ ሲማቸውን ከመተዋቸው በፊት በሁለቱም መተግበሪያዎች ውስጥ "ቼንጅ ነምበር" የሚለውን ከፍተው አካውንታቸውን ወደ አዲሱ ቁጥር ሊያዛውሩ ይገባል። ይህ የሚቻለው አሮጌው ሲም እየሠራ ሳለ ቢሆን ይመረጣል።